የሁዳዴ ጥብስ

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ውሻቸውን «ምን ቸገራት» ብለው የሰየሙት ለውሻው አስበው እንዳልሆነ የደብረ ማርቆስ ሰፈራቸው በሙሉ ያውቃል። ስሙ የተላከው ከአጥር ማዶ ላሉት ለእትዬ ሥራነሽ ነው። እትዬ ሥራነሽ «መሪጌታ ዜማቸውን በጠዋት እየከለሱ እንቅልፍ ነሱኝ» ብለው ለሰፈሩ ባወሩ በሳምንቱ ቡችላው ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪጌታ በቀን አሥር ጊዜ፣ ያንን የድጓ ድምፃቸውን ሞቅ አድርገው፣ «ምን ቸገራት፣ ና ወዲህ» ይላሉ። ውሻ መጥራት ደግሞ ወንጀል አይደለም። እትዬ ሥራነሽ ለዳኛ የማይነግሩት ነገር ሆኖባቸው አራት ዓመት ሙሉ አንጀታቸው ሲያር ኖረ።

ውሻው ግን የሰዎቹን ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው መሪጌታን ነው። ሚስታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ በር ሲከፈት ሮጦ የሚመጣ እሱ ብቻ ነው። ቢጠየቁ ይክዳሉ እንጂ መሪጌታ እራታቸውን የሚበሉት ከእሱ ጋር እያወጉ ነበር። ችግሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው። ቢያስሩት ገመድ ይበጥሳል፤ ቢዘጉበት ቅዳሴ እስኪወጣ ያላዝናል። በጥር ወር በአንዱ እሑድ አጥሩን ዘለለ፣ የደጀ ሰላሙን በር አለፈ፣ በምእመናን እግር መካከል ተሹለክልኮ ቅኔ ማሕሌት ገባና መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከቆሙበት ሥር ጅራቱን እየቆላ ቁጭ አለ።

ውሻ ቤተ መቅደስ ገባ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዜማው ተቋረጠ፣ ጠበል ተረጨ፣ እትዬ ሥራነሽም አራት ዓመት የጠበቁት ቀን መጣላቸው። የደብሩ አለቃ ገብረ ኪዳን መሪጌታን አስጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው። ውሻው ከበሩ ውጭ መቅረትን እስከ ሆሳዕና ከተማረ ተማረ፤ ካልተማረ ደብረ ኤልያስ የእህል ጠባቂ ውሻ የሚፈልግ ዘመድ አላቸውና ለእሱ ይሰጣል። መሪጌታ እሺ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ። ቤታቸው ሲደርሱ ግን ምን ቸገራት የማያውቀው ሰው ማሳ ዳር በሰንሰለት ታስሮ ሲያላዝን ታያቸውና ያን ቀን እህል ሳይቀምሱ ዋሉ።

መሪጌታ አርባ ዓመት አስተምረዋል፤ ማስተማር እንዴት እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አይሹም። የሚያውቁት ማስተማር ግን አለንጋ ያለበት ነው። ውሻውን ከግቢያቸው በር ላይ ያስቀምጡና «ቆይ» ይላሉ፤ ሲነሣ ይገሥጻሉ፤ እንደገና ሲነሣ አለንጋውን ያወዛውዛሉ። ምን ቸገራት ነገሩ ጨዋታ መስሎት አለንጋውን ነክሶ ግቢውን ይዞር ጀመር፤ መሪጌታም ከኋላው ይሮጣሉ። በቅበላ ሳምንት ልትጠይቃቸው የመጣችው የእህታቸው ልጅ አርሴማ ይህን ትርኢት በሩን ተደግፋ ጨርሳ አየችው። አርሴማ የምትሠራው እንስሳት ክሊኒክ ነው። ሳቋን ስትጨርስ ዘዴውን አስረዳቻቸው። ቁጣ የለም። የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ይያዙ፤ ሲቀመጥ «ጎበዝ» ይበሉና ወዲያው ይስጡት። ከተነሣ አይቆጡ፣ ሥጋዋ ብቻ ትቅርበት። በመጀመሪያ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት እያሉ ያስረዝሙት። «እንካ» ሳይሉት እንዳይነሣ፣ ሳይሉትም እንዳይበላ።

«ለመቀመጡ ጉርሻ?» አሉ መሪጌታ። «እኔ መቀመጥ ስማር ማን ሥጋ አጎረሰኝ?»

«ለዚያ ይሆናላ አባባ፣ እስካሁን ተቆጥተው የሚኖሩት» አለች አርሴማ።

ለክርክር ያህል ሞከሩት፤ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ምን ቸገራት አንዲት አጭር ሃሌ ሉያ እስክታልቅ ተቀመጠ። መሪጌታ በሰዓት መለካት ስለማይወዱ በዜማ ነበር የሚለኩለት፤ አጭሯን ሲችል ረጅሟን አመጡበት፣ ረጅሟን ሲችል ደገሙበት። ውሻው ዓይኑን ከሥጋው ሳይነቅል፣ አንድ ጆሮውን አቁሞ፣ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማላቸው። እውነቱን ለመናገር ከተማሪዎቻቸው መካከል እንዲህ ያዳመጣቸው ጥቂት ነው። በልባቸው ደስ አላቸው፤ በአፋቸው ግን «እንደ ነገሩ ነው» ይሉ ነበር።

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘጋ፣ የቅበላውም ትርፍ አለቀ። መሪጌታ ሽምብራ ቆሎ ሞከሩ። ምን ቸገራት አሸተተ፣ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፣ ተነሥቶ ወደ ጥላው ሄደ። ዳቦ ሲሰጡት ተቀበለና ይዞት ሄዶ ቀበረው። በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ ወደ አንድ ትንፋሽ ተመለሰ፤ ሆሳዕና ደግሞ እየቀረበች ነው።

ከጓሮ በኩል አጥር የሚጋሯቸው አብዱልአሊም ለከተማው ሙስሊሞች ሥጋ የሚሸጥ ሰው ነው። መሪጌታ ሦስት ቀን ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጓሮ ሄዱና፣ በጾሙ ወራት፣ ያውም እሳቸው፣ ለውሻው የምትሆን ጥቂት የተቀቀለች ሥጋ በየቀኑ ብታገኝልኝ ብለው ጠየቁት። የውሻውን ነገር ከጥር እሑድ ጀምረው ሁሉንም አጫወቱት። አብዱልአሊም አልሳቀም፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። «ለውሻው። እሺ መሪጌታ፣ ችግር የለም» ብቻ አለ። ድምፁ ግን ከመጠን በላይ ለስላሳ ነበር።

አብዱልአሊም የሰማውን ለሚስቱ ለረሺዳ ነገራት። ረሺዳ ደግሞ ሰው የምታከብር፣ የሰውን ገመና የምትሸፍን ሴት ናት። አንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሁዳዴ ሥጋ ከጠየቀ ሐኪም ቢያዘው ነው፤ «ለውሻ ነው» ካለም አፍሮ ነው ብላ ደመደመች። የታመመን ሽማግሌ ደግሞ ቅቅል ቁራጭ አይሰጡትም። በማግሥቱ በአጥሩ ላይ የተሻገረው ሳህን ክዳን ሲገለጥ፣ ቀዩ ሥጋ በቀጭን በቀጭኑ ተከትፎ፣ በቀይ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ተጠብሶ፣ ቃሪያ ከላይ ተደርድሮበት ነበር።

መሪጌታ ሊያስረዷት አፋቸውን ከፈቱ። ረሺዳ «ይማርዎ» ብላ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ ሄደች። በነጋታውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱ ራሱ አሳፋሪ ሆነ። አርሴማ በስልክ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ብላ ስላስጠነቀቀች፣ የድጓው መምህር በየጠዋቱ ጓሯቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ ከጥብሱ ውስጥ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በሹካ ይለቅማሉ። ትምህርቱ ግን ገሠገሠ። በአምስተኛው ሳምንት ምን ቸገራት ከበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መሪጌታ ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ንቅንቅ አይልም።

እትዬ ሥራነሽ አፍንጫ አላቸው። የጥብስ ቅጠል ሽታ ከየት እንደሚመጣ ሦስት ጠዋት አጠኑና በአራተኛው በርጩማ አስጠግተው በአጥሩ ላይ ብቅ ሲሉ፣ መሪጌታ በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ የጥብስ ሳህን ጉልበታቸው ላይ፣ ሹካ በእጃቸው። ወዲያው ወርደው ነጠላቸውን አጣፉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቃ ገብረ ኪዳንን ከፊት አስቀድመው የመሪጌታን በር አንኳኩ።

አለቃ ሳህኑን አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀና አሉ። ሰውየውን ሠላሳ ዓመት ያውቋቸዋልና ማመን ከበዳቸው። መሪጌታ ለውሻው ነው ሲሉ ግን እትዬ ሥራነሽ የጥብስ ቅጠሏን በሁለት ጣት አንሥተው «ለውሻ?» አሉ። አለቃም የረሺዳን፣ የአርሴማን፣ የሃሌ ሉያውን ታሪክ ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አጭር መንገድ መረጡ። የውሻው ከሆነ ውሻው ይብላው። ከሳህኑ አንድ ደህና ቁራጭ በቅጠል ይዘው ምን ቸገራት ፊት መሬት ላይ አኖሩት።

ምን ቸገራት ቁጭ አለ። ሥጋውን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። አልነካውም።

«አዩት አለቃ?» አሉ እትዬ ሥራነሽ። «ውሻው እንኳ ጾሟል።»

መሪጌታ «እንካ» ሊሉ አፋቸው ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ስማቸው ያን ጊዜውኑ ይነጻላቸዋል። ግን የውሻውን ጀርባ አዩት፤ ቀጥ ብሎ፣ የትከሻው ሥጋ እየተንቀጠቀጠ፣ እሳቸውን እየጠበቀ። ሆሳዕና አሥር ቀን ቀርቷታል። አለቃ ከውሻው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያዩበት ሌላ ቀን ከየት ይመጣል? ቃሏን ዋጧት።

«አለቃ፣ እኔን እንደፈለጉ ይፍረዱብኝ» አሉ። «ይህ ውሻ ሥጋ ፊቱ ተቀምጦ ከታገሠ፣ ሥጋ የሌለበት ደጅ መቀመጥ አያቅተውም። ይቆዩና ይዩት። ከበላው እኔ ነፃ ነኝ፣ እሱ ደብረ ኤልያስ ይሂድ። ካልበላው ግን ይቀመጥልኝ።»

እትዬ ሥራነሽ ተጨነቁ። ውሻው ይበላ ዘንድ ቢመኙ መሪጌታ ነፃ ይወጣሉ፤ እንዳይበላ ቢመኙ ውሻው ይቀራል። የትኛውን እንደሚመኙ ሲያጡ በሰዓቱ ላይ ተከራከሩ። እሳቸው አንድ ሰዓት አሉ፣ መሪጌታ ሩብ ሰዓት አሉ፣ አለቃ በግማሽ ሰዓት ቆረጡትና ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ሦስቱም ጾመኞች ዙሪያውን ሆነው አንዲት ቁራጭ ጥብስ ሲያዩ ቆዩ። ፀሐይ ስትበረታ ሽታው በረታ። በአሥረኛው ደቂቃ ከአለቃ ሆድ አንድ ረጅም ጩኸት ወጣ፤ አለቃ ውሻው እንደሆነ ሁሉ ወደ ውሻው ዞረው አዩ። በሃያኛው እትዬ ሥራነሽ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ከምን ቸገራት አፍ ሁለት ቀጭን ለሃጭ መሬት ድረስ ወርዷል። አንድ ጊዜ ውሻው የፊት እግሩን ከፍ አደረገ። እግሩን መለሰው።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከላይ ጥላ ወረደ። ጭልፊት ነበር። ማንም ሳያስበው በሦስቱ መካከል ሽው ብሎ ወርዶ፣ ሥጋዋን ከውሻው አፍንጫ ሥር ላፍ አድርጎ በጣሪያው ላይ አለፈ። እትዬ ሥራነሽ ከተቀመጡበት ወደ ኋላ ሊገለበጡ ምንም አልቀራቸው። ምን ቸገራት መላ አካላቱ ተንዘፈዘፈ፣ አንገቱን አዙሮ ወፉን እስከ ሰማይ ሸኘው። ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ፊቱን መልሶ፣ ባዶዋን መሬት ትቶ፣ መሪጌታን ተመለከተ።

እትዬ ሥራነሽ ሲረጋጉ ነገሩን አነሡት። ሥጋውን የበላው ጭልፊቱ ነው፤ ውሻው አልበላም፤ ስለዚህ በየቀኑ ማን እንደሚበላው እስካሁን አልታወቀም አሉ። እውነታቸውን ነው።

መሪጌታ አልሰሟቸውም። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ማፈርም ተዋቸው። «እንግዲያው እኔ በላሁት ይበሉ» አሉ። «አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አምኖ የጠበቀኝ የለም። እሱን ባዶ አፉን አልተወውም።» ሳህኑን አንሥተው ከውሻው ፊት ቁጢጥ አሉ። በሹካ ነበር የለመዱት፤ ሹካውን ግን ወዲያ ጣሉና በሁዳዴ፣ በአለቃ ፊት፣ ሽንኩርቱ ተለቅሞ ያለቀውን ጥብስ በእጃቸው ዘግነው «እንካ» አሉ፣ «እንካ ጎበዝ፣ እንካ የኔ አንበሳ»። ምን ቸገራት ሳህኑን ጨረሰ፣ መዳፋቸውን ጨረሰ፣ የእጅጌያቸውን ጫፍ ላሰ፣ ከዚያ ጢማቸውን ያዘ።

እትዬ ሥራነሽ ባዶውን ሳህን እያዩ ቆይተው፣ ሊጥ አቡክቼ ነው የመጣሁት ብለው ወጡ። አለቃ ግን አልተነሡም። ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ጮኸ፤ ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ድምፁን አጠፉና ሽማግሌውንና ውሻውን አንድ ላይ ብዙ አዩአቸው። በመጨረሻ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እጅዎን ይታጠቡና ይምጡ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «እሱንም ይዘውት ይምጡ። እስከ በሩ።»