ከሸራው ሥር

ሸራው መኪናዋን ሸፍኖ ገመዱ ሲጠብቅ፣ በጠራራ ቀትር፣ ውስጥ ያለው መብራት ቦግ አለ።

ጎረቤቲቱ በቀለች የያዘችውን የገመድ ጫፍ ለቅቃ ወደ ደረጃው ሸሸች። «አየሽ አሳየች? ስንሸፍነው ተቆጣ!»

አሳየች አልሸሸችም። በሸራውና በመስኮቱ መካከል በቀረችው ክፍተት አጮልቃ ተመለከተች። በሹፌሩ ወንበር ላይ ከባሏ ኮፍያ በቀር ምንም አልነበረም። እንደማይኖርም ታውቃለች፤ ገበየሁን ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቀብራለች፣ ሰባቱን ቀን ተቀምጣለች፣ የልቅሶውን ወንበሮችም ለየባለቤታቸው መልሳለች። መብራቱ ግን መርዶውን አልሰማም። ፀሐይ ከሰፈራቸው ከክርያት ሞሼ ሕንጻዎች ጀርባ ስትወርድ ማንም ሳይነካው ይበራል፤ ሰፈሩ ራቱን በልቶ ለመኝታ ማዛጋት ሲጀምር ደግሞ እፍ እንደተባለ ይጠፋል።

አሮጌዋን ነጭ ቫን ገበየሁ የመንገድ ቤት ሊያደርጋት ዓመታት ለፍቶባታል። አልጋ ገጠመላት፣ ከኋላዋ መሰላል በየደላት፣ ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ፓኔል ጫነባት፣ ከአልጋው ሥር ባትሪ አስቀመጠላት። ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ አሳየችን ይዞ እስከ አገሩ ደቡብ ጫፍ፣ እስከ ኤይላት ሊነዳት ነበር። አብረው የሄዱት ሩቅ መንገድ ግን እስከ ነዳጅ ማደያው ነው፤ ያውም ጎማ ሊያስነፉ።

አሁን የሕንጻው ኮሚቴ፣ ቫዓዱ፣ መኪናዋ እስከ እሁድ ማታ ከግቢው ካልወጣች በጎታች እንድትወሰድ ወስኗል። በደረጃው ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ምክንያቱን «የማቆሚያ ቦታ ጥበት» ይለዋል፤ ሰፈሩ የፈራው መኪናዋ ውስጥ ያለውን መንፈስ ቢሆንም ቫዓዱ በመንፈስ ላይ ሥልጣን የለውማ። ገዢ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ ዛሬ፣ ዓርብ ነበር። መኪናዋ ጂን እንዳለባት ከሰማ ማን ይገዛታል? ለዚህ ነው በቀለች መብራቱ እንዳይታይ ሸራ ትልበስ ያለችው።

«ቄስ ውብነህ ናቸው ሸፍኑት ያሉት አላልሽኝም?» አለች አሳየች።

«እሳቸው እንኳ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ምንም አላሉኝም» አለች በቀለች ከደረጃው ላይ። «ግን ፊታቸውን ሳየው ሸፍኑት የሚሉ መሰለኝ። እኔን የሚገርመኝ ዓርብ ማታም ማብራቱ ነው! በሰንበት እሳት የሚያነድ መንፈስ የእኛ ወገን አይደለም፣ እወቂው።»

ይቺ ቃል አሳየችን ወጋቻት። የገበየሁ እናት ጎንደር ገጠር እያሉ እንደ አይሁድ ሥርዓት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃቸውን ውኃ የሚያጠጡ ሴት ነበሩ። ልጃቸውም እስራኤል፣ ሬሖቮት መጥቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አምፖሉን እንዳበራ ሰንበት ሲያስገባ፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር። ከሞተ በኋላ ነው እንዴ ሰንበትን መሻር የጀመረው? ይህን ለማንም አልተነፈሰችውም። በየምሽቱ ቆሻሻ ልትጥል ብላ ወርዳ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ እንደምትቀመጥም አልተናገረችም። የሹፌሩን ወንበር ለእሱ ትተዋለች።

«ሻሎም! እማማ አሳየች ማናቸው?»

ገዢው ነበር። ኒቭ ይባላል፤ የጎረቤት ሰፈር፣ የክፋር ግቢሮል ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና ሳይበዛ ግንባሩ የተገለጠ። ሥራው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ፓኔል መግጠም ነው፤ ከሚስቱ ጋር በወር በወር ለአከራይ ከመገበር መኪና ውስጥ መኖር ይሻላል ብለው ቆርጠዋል። በሸራው ሥር የሚበራውን አየና ሳቀ።

«በቀን ነው የምታበሩት?»

«እኛ አይደለንም» አለች በቀለች። «የሞተው ነው።»

«ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆዩ እስኪ፤ ሞቷል ያላችሁት ሰው ኤሌክትሪክ ያውቅ ነበር?» በመሰላሉ ወጥቶ ሸራውን ከፓኔሉ ላይ ገፈፈው። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። በቀለች እንደገና ጮኸች።

ኒቭ ወርዶ የጎን በሩን ከፈተና ግድግዳው ላይ የተሰካች ትንሽ ሳጥን አሳያቸው። «አያችሁ፣ ፓኔሉ ፀሐይ ይጠጣል። የጠጣው በሽቦ ወደዚች ሳጥን ይወርዳል። ሳጥኗ ደግሞ…»

«ትሰፍራለች» አለች አሳየች።

«እ?»

«ለባትሪው ትሰፍርለታለች። ከጠገበ እንዳይፈነዳ ደጁን ትዘጋበታለች። እንዳይራብም መብራቱን ትከለክላለች።»

ኒቭ ከሳጥኗ ወደ እሷ ዞረ። «ማን አስተማረዎት?»

አሳየች ራሷም ገረማት። ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉ ግን የገበየሁ ነበር። ወጥ ቤት በር ላይ ተደግፎ ስንት ጊዜ አስረድቷታል! እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «እሺ፣ እሺ» ትለው ነበር፤ ልቧ ምስር ወጧ ጋ። እሷ ያልሰማችውን ጆሮዋ ደብቆ አስቀምጦት ኖሯል።

«እውነት ነው» አለ ኒቭ። «ፓኔሉ ደግሞ ዓይኗ ነው። ፀሐይ ስታጣ መሸ ብላ መብራቱን ታበራለች። ባልዎ ለአራት ሰዓት ያህል አብሪ፣ ከዚያ አጥፊ ብለዋታል። ይኸው እዚህ ተጽፏል። እናንተ ዓይኗን ሸፈናችሁባት፤ መሸ መስሏት አበራች። ይኸው ነው።»

«ከመሸ በኋላ አራት ሰዓት ሙሉ?»

«አዎ። ባልዎ የሆነ ነገር ይጠብቁ ነበር?»

አሳየች ወደ ፌርማታው አየች። እሷ ቢሮ አጽድታ ማታ ማታ በአውቶቡስ የምትመለስበት ጊዜ ነው። የግቢው መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ከፌርማታው እስከ ደረጃው መንገዱን የሚያሳያት ይሄ ብርሃን ብቻ ነበር። እሷ ግን ገበየሁ ከእሷ ሽሽት መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ይመስላት ነበር። ቤት ስትገባ አልጋው ላይ ሲያንኮራፋ ታገኘዋለች። ሮጦ የቀደማት እየመሰላት «አስመሳይ!» ትለዋለች። እሱም እንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ፈገግ ይላል።

«ታዲያ መንፈስ የለም ማለት ነው?» አለች በቀለች፣ የተዘረፈች ይመስል። ቶሎም አገገመች። «ዓርብስ? ሰንበት መሆኑን እያወቀ?»

«ዓርብ ቀትር ላይ ከሸፈኗት» አለ ኒቭ፣ «አራቱን ሰዓት ገና በቀን ትጨርሳለች። ከዚያ ሸራው ካልተነሳ ዛሬ ማታም ሆነ ነገ ማታ አታበራም። ለሷ ያው አንድ ሌሊት ነው።»

አሳየች መሬት ላይ የወደቀውን ሰማያዊ ሸራ አየችው። የገበየሁ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ቀትር ላይ መሰላሉን እየወጣ ጣሪያው ላይ ይጥለው ነበር፤ እሁድ ጠዋት ያነሳዋል። ርግብ እንዳታቆሽሽበት ይመስላት ነበር።

«ያላ፣ በቃ እማማ፣ መኪናዋን ወድጃታለሁ» አለ ኒቭ። «ቁልፉን ይስጡኝና ሰንበት ሳይገባ ልውሰዳት። የመብራቱን ሰዓትም አሁኑኑ ላጥፋልዎት፤ አንዴ መጫን ነው።»

«አትንካት!»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«እሁድ ጠዋት ናና ውሰዳት» አለች አሳየች ረጋ ብላ። «ዛሬ ባለቤቱ ሰንበት አለበት።»

ኒቭ በቀለችን አየ፤ በቀለች ሰማዩን አየች። «አሽዶድ ሌላ መኪና አየሁ፣ እማማ። እሁድ መምጣቴን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ቤሰደር፣ እሺ ልጄ። ከመጣህ ትወስዳታለህ።»

ሲሄድ በቀለች ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አብደሻል? እሱ ካልመጣ እኮ ቫዓዱ ያስጎትታታል!»

አሳየች የመኪናዋን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ሸራውን ትከሻዋ ላይ ጣለችና መሰላሉን ያዘች። «ከምትቆነጥጪኝ እግሬን ያዢልኝ።»

ቀስ ብላ ወጣች፤ ፓኔሉን ከዳር እስከ ዳር አለበሰችው፤ ቀስ ብላ ወረደች። ከሸራው ሥር መብራቱ ቦግ አለ።

በቀለች በዚህ ጊዜ አልሸሸችም። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ያጠፋል ነው የምትዪኝ?»

«ያጠፋል።»

በቀለች ጎንበስ አለች። የለቀቀችውን የገመድ ጫፍ አንስታ አጥብቃ አሰረችው። «እንግዲያማ የእኛው ወገን ነው» ብላ ለሰንበት የምትሠራው ሥራ ትዝ ሲላት እየተቻኮለች ወጣች።

አሳየች የሸራውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ገባች፣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀመጠች፣ በሩንም ሳበችው። ሸራው ውጭውን ሁሉ ጋርዶታል፤ ቢጫው ብርሃን ኮፍያው ላይ አርፏል።

«በል ገበየሁ፣ እስኪ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «ዛሬ ሽንኩርት የለም።»