ሁለት እግር የሚያሳርፍ ደረጃ

«በጓሮ ነው የምሄደው አልኩ እኮ!»

እፀገነት ይህን ያለችው በባሏ ሠልስት ማለዳ፣ ወደ መካኒሳ አቦ ለመሄድ ተነሥታ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዝናብ የጓሮዋን ቀጭን መንገድ አቡክቷታል። በደህና ቀንም ፍየል የምትፈራት መንገድ ነች። በፊት ለፊት ደግሞ ከቤቱ ደጅ እስከ ታች ድንኳኑ ድረስ አሥራ አንድ እርከን ያለው አዲስ የእንጨት ደረጃ አለ። የሠራው ባሏ ላቀው ነው፣ ከትናንት ወዲያ የቀበሩት።

«ኧረ በአላህ እፀዬ!» አለች ጎረቤቷ ሙፊዳ፣ ክንዷን ይዛ። «ይህን የመሰለ ደረጃ እያለ ጭቃ ልታቦኪ ነው? የቀብሩም ዕለት እሱ በፊት ለፊት ሲወርድ አንቺ በጓሮ በሰው ሸክም ዞርሽ።»

«እሱ ላይ የምወጣበት ፊት የለኝም፣ ሙፊዳ።»

ወይ እልህ! ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምት እፀገነትን ዳገቱ ላይ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑን ከደጇ ቆማ በሩቁ መሳለም ሆነ ዕጣዋ። ላቀው አርባ ዓመት የሰው በርና መስኮት ሲገጥም የኖረ አናጢ ነው፤ የራሱን ደጅ ያስታወሰው ገና ያኔ ነው። ዘንድሮ በግንቦት የጽድ ሞራሌ አስጫነ። ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው፣ ቋሚዎቹን ድንጋይ ላይ አሳረፈ፣ ጣውላውን በቡሎን ጠፈረው። መርገጫውን ግን ያለ ልክ አሰፋው። አላፊ አግዳሚው «ጋሽ ላቀው፣ ደረጃ ነው አልጋ?» ሲለው እየሳቀ መላጊያውን ይገፋል።

አንድ ቀን እፀገነት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለረዳቱ ለደምሰው ሲናገር ሰማችው። «ሬሳ የተሸከመ ሰው እንኳ ሊያዳልጠው አይገባም» ይላል። ደሟ ፈላ። በቁሜ ሬሳዬን የሚያወርድበትን ይሠራልኛል! ሲገባ ጠብቃ «እንግዲያው ሬሳዬ ይውረድበት፣ እኔ እግሬን አላነሣም!» አለችው።

ላቀው በመስኮቱ ወደ ደምሰው ተመለከተ። ከዚያ «ግድ የለም፣ ደረጃ አይሮጥ፤ በወደድሽ ቀን ትረግጪዋለሽ» አላት።

እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ደረጃው ካለቀ በኋላ ሃያ ቀን ሙሉ አልረገጠችውም። በሃያ አንደኛው ጠዋት የላቀው ልብ ቀጥ አለ። ሦስት ቀን ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተቀይሞኝ ሞቶ ይሆን?

ደምሰው ከድንኳኑ ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ተቀምጣ ሊያወርዷት ነው።

«ደምሰው፣ ላቀውን ባለበስከው አፈር ይዤሃለሁ» አለችው። «ስለ ደረጃው ተቀይሞኝ ነበር?»

ደምሰው ወንበሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አምና እርስዎ ተኝተው ሳለ የእናቴን አስከሬን በዚህ ዳገት ስናሳልፍ ሳጥኑ ከእጄ አመለጠ። ጭቃ ላይ ወደቀ፣ የእናቴ ሳጥን! ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ ብዬ ጋሽ ላቀውን ለመንኳቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ። የዚያን ቀን ስለ ሬሳ ያሉት ለእኔ ነው።»

እፀገነት በምርኩዟ ወደ ደረጃው ጠቆመች። «መርገጫውስ?»

«እሱማ የእርስዎ ነው። ‹ጣውላ ፈጀን እኮ› ብላቸው፣ ከኮታቸው ኪስ ጥንድ ጫማዎን አወጡ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አስቀመጡና ለምርኩዝዎ ጨምረው ለኩ። ‹በየእርከኑ ሁለቱንም እግሯን አሳርፋ ትተንፍስ። ስታኮርፍም ቁጭ ብላ ታኩርፍበት› አሉኝ።»

«ጫማዬን!» ያን ሰሞን ጫማዬ ጠፋ ብላ ቤቱን አተራምሳው ነበር፤ እሱም አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ አብሯት ሲፈልግ። ሳቋ ከልቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ወጣ፤ ሴቶቹ ደነገጡ። «አይ ላቀው! አይ የኔ ጌታ!»

«ወንበሩን መልሰው» አለች።

ወረደች። በየእርከኑ እግሯን ገጠም፣ ትንፋሽዋን ሰብሰብ እያደረገች። ጣውላው ሲጥ አላለም። ከዓመት በኋላ የአቦን ደጅ በገዛ እግሯ ረግጣ ተሳለመች።

ስትመለስ ግን ስድስተኛው እርከን ላይ ደከማትና ቁጭ አለች። ከኋላዋ የዕድሩ ሰው በካፊያው ውስጥ ቆመ፤ ማን ደፍሮ ይለፋት?

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ተቀመጡ እንጂ፣ ሰፊ ነው!»

ሰዉ ተያየና ከላይም ከታችም ተደረደረ። ደምሰው ከእግሯ ሥር ተቀመጠ፤ ሙፊዳም ከቤት ወርዳ ትከሻዋን አስጠጋቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እፀገነት፣ ማንንም ሳታይ። ዕንባዋን ስትጠርግ የሰነበተችበትን የነጠላዋን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ፣ ጫማዋ ያመጣውን ጭቃ ከጣውላው ላይ ቀስ ብላ ትጠርግ ጀመር።