የሰኞው ቀጠሮ

አትርጂያቸው፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ የመተግበሪያ ፈታኝ አይረዳም፣ ትላለች ለራሷ፣ ከጎናቸው ቁጭ ብላ፣ የሽማግሌው ጣት ታብሌቱ ላይ አንዣቦ ቀርቷል፣ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አፍንጫቸው ሥር ነው፣ ግን ግራጫ ነው፣ ግራጫ ቁልፍ የማይሠራ ይመስላል ብላ ስንቴ ለፈለፈች፣ ዲዛይነሩ እቴ፣ ያምራል አለ፣ ያምራል። ከመስታወቱ ወዲያ አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ነው።

አሁን ምን ለማድረግ እየሞከሩ ነው አባባ፣ ከዚህ ሌላ መጠየቅ አልተፈቀደላትም፣ ለባለቤቴ ወረፋ ላሲዝ ነዋ ልጄ፣ ጎበዝ፣ ገብቷቸዋል፣ ቤተሰብዎ የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል እንበል ነበር ያለቻቸው፣ ሲያስመስሉ ደግሞ፣ የሚስታቸውን ስም እስከ አያት ድረስ ጻፉ፣ ከደረት ኪሳቸው የሕክምና ካርድ አውጥተው ቁጥሩን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ካርድ? የማን ካርድ?

ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያመጣቻቸው፣ እውነተኛ ተጠቃሚ ፈልጊ ተብላ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረፋ በስልክ ሆኗል፣ ይሂዱ ብላ ስትመልሳቸው፣ እሷ ደግሞ ተከትላ አባባ አዲሱን አገልግሎት ይሞክሩልን አለቻቸው፣ ታዲያ ምን ይምሰላቸው፣ የሚያስገቡት መረጃ ለሙከራ ብቻ የሚውል ሲሆን ለየትኛውም ተቋም አይተላለፍም ብላ አንብባላቸዋለች እኮ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተማረ ሰው ሲያነብ ሽማግሌ ይነቀንቃል፣ አንቺም የገባቸው መስሎሽ ወረቀቱን አጠፍሽ።

ጣታቸው ግራጫውን ነካ። ቀጠሮዎ ተይዟል፣ ሰኞ ጠዋት፣ ይላል ታብሌቱ። አለቃዋ አውራ ጣቱን ያሳያታል፣ ተሳካ፣ ያለማንም እርዳታ።

አባባ፣ ይሄ እኮ፣ ትላለች፣ አይሰሟትም፣ ለባለቤታቸው ስልክ ደውለዋል፣ እንባቸው እየወረደ፣ ተገኘ፣ በቃ ተገኘ፣ ሰኞ ነው፣ አንዲት ልጅ ናት ያመጣችኝ፣ ከሴትዮዋ ድምፅ በፊት ትንፋሿ ይሰማል፣ እየተቆራረጠ፣ የገዛ አባትሽም መጨረሻው ላይ እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው፣ ንገሪያቸው፣ አሁኑኑ፣ ሰኞ ደግፈዋት መጥተው መስኮቱ ጋ ሲቆሙ፣ ስሟ የለም ሲባሉ፣ ንገሪያቸው እንጂ ምን ይዘጋሻል፣ እስቲ ያቺን ልጅ አገናኘኝ ትላለች ሴትዮዋ፣ ሽማግሌው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገውላታል፣ እማማ፣ ይስሙኝ፣ ልትል አፏን ከፍታለች፣ ልጄ፣ እኔን እንዳቆየሽኝ አንቺንም እንዲሁ ያቆይሽ፣ ሲመርቁት ዝም የሚል የለም፣ ከልጅነቱ የለመደ አፍ፣ አሜን ይላል።