በደረት ልክ የተጠየቀ ኳስ

የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ ከወንዝ ማዶው ኮሌጅ ጋር ስንጋጠም ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሠረገላ ላይ ሳይቀር ተንጠላጥሎ ነበር። ያኔ ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ መትተው አራት ማዕዘን የሚዞሩበት ጨዋታ፣ ጓንት የለው፣ ጭንብል የለው፤ ኳሱን የምንቀልበው በባዶ እጃችን ነው። ደንቡም መቺው ኳሱ በየት በኩል እንዲመጣለት እንደሚፈልግ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ ወርዋሪው ይታዘዛል።

የእነሱ ወርዋሪ አሳሄል ደን ይባላል። ከክንዱ ይልቅ ምላሱ የሚፈራ፣ ቀጭን ልጅ። የእኛው ኦሪን ፔክ ደግሞ ሰባኪ ለመሆን የሚማር ግዙፍ ሰው። ዱላውን ይዞ ሲቀርብ አሳሄል ጮኸ፦

«አባ ኦሪን! ምርኩዝዎን ይዘው መጡ እንዴ?»

ሕዝቡ አውካካ። ኦሪንም ሳቅ አመለጠው።

«ንስሐ ግባና ወርውር፣ ልጄ።»

«በየት በኩል ላምጣልዎ?»

«በደረት ልክ።»

አሳሄል እንደተባለው አደረገ። ኦሪን መታና ቀና ብሎ ሳያይ ሮጠ። እኛም «ሩጥ! ሩጥ!» እያልን ሣሩ ላይ ዘለልን። ከማዶ ልጆች አንድም ኳሱን ሊያነሳ አልሄደም፤ ፈዘው ቀሩ ብለን ጭራሽ ደስ አለን። ኦሪን አራቱን ማዕዘን ዞሮ ሲመለስ እያለከለከ ይስቅ ነበር።

«ምነው፣ የሚያባርረኝ ጠፋ?» አለኝ።

ያኔ ነው ሁለታችንም የዞርነው። አሳሄል ጎኑን ሣሩ ላይ አሳርፎ ተኝቷል። የተመታው ኳስ ተመልሶ ያረፈው ልቡ ላይ ነው።

ኦሪን ሄዶ ተንበረከከ። «አሳሄል፣ በቃ፣ ቀልዱ ይብቃህ። ተነሳ።»

ከተመልካቹ መካከል የነበረ ሐኪም መጥቶ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ፤ ቆየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላ የቆሙት አሁንም ያጨበጭባሉ። ማንም አልነገራቸውም። እኔም እጆቼ ለጭብጨባ እንደተነሱ ነበር፤ የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

የአሳሄል እናት እርሻ ከኮረብታው ጀርባ ነው። የሁለቱም ቡድን ልጆች ሬሳውን በትከሻችን ተሸከምነው፤ ኦሪን የራስጌውን ያዘ፣ ለማንም አልለቅም አለ። ወይዘሮ ደን ልብስ እያሰጣች ሳለ ከሩቅ አየችን።

«አሸነፋችሁ እንዴ? እዩት እስቲ፣ እንደ ጄኔራል ተሸክመውት!» ብላ እየሳቀች ልትቀበለን ወረደች።

እየቀረበች ስትመጣ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ኦሪን። «እኔ ነኝ የመታሁት።»

በጥፊ አጮለችው። ደገመችው። ሦስተኛውን ልትሰነዝር ስትል እጅጌውን ጨምድዳ ይዛ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

ኦሪን ወደ ኮሌጅ አልተመለሰም። ባሏ ከጦርነቱ ስላልተመለሰ እርሻው ላይ ሰው አልነበራትም። ድንቹን ሊያወጣላት ቀረ፤ ክረምቱም አለፈ፣ በጋውም መጣ። በሁለተኛው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ አጥር ሲያጥር አገኘሁት። ስለ ስብከት ትምህርቱ ሳነሳበት ሌላ ችካል አንስቶ መትከል ጀመረ። እሷ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ኦሪን፣ ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው፤ እንግዳህንም ይዘኸው ግባ» አለች።