የኬሪን ባቡርና የነሐሴ ጥጆች

በኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ በሳውዝላንድ የወተት ላም አርቢዎች ዘንድ፣ ሃያዎቹን ያጋመሰ ልጅ ሻንጣውን አዝሎ ባሕር ማዶ ዞሮ ካልተመለሰ እንደ በሰለ አይቆጠርም። ወላጅ ራሱ «መቼ ነው የምትሄደው?» እያለ ይነዘንዛል። ኬሪንንም ሲነዘንዟት ከርመዋል። እሷም ሁለት ክረምት ሙሉ ስታወጣና ስታወርድ ቆይታ ቆረጠች፦ ከሊዝበን ተነስታ በፓሪስና በቪየና በኩል እስከ ዋርሶ፣ በባቡር፣ ብቻዋን። በሰፈሯ የሚያልፈው ባቡር ግንድና የወተት ዱቄት እንጂ ሰው አይጭንም፤ እሷ ግን የትኛው ባቡር ላይ አልጋ እንደሚገኝ፣ ሐይቅ በየትኛው ወገን መስኮት እንደሚታይ ላም እያለበች በቃሏ አጥንታዋለች።

አንድ እንቅፋት ነበር። የአውሮፓ በጋ የሳውዝላንድ ክረምት ነው፤ በነሐሴ ደግሞ ላሞቹ ተከታትለው ይወልዳሉ። በነሐሴ ከቤቱ የጠፋ ሰው ከለቅሶ እንደ ቀረ ዘመድ ይታማል። ኬሪን ይህን ስለምታውቅ ታማቲ የሚባል እጀ ቀላል አላቢ አፈላልጋ እንዲተካት ተስማምታለች።

መሄጃዋ ሲቃረብ ታማቲን ነዳጅ ማደያ አገኘችውና የሚያድርበትን ክፍል መቼ እንድታሰናዳለት ጠየቀችው። ሰውየው ግራ ተጋባ። ለካ አባቷ ሞሪስ ደውሎ «ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራለች፤ አትምጣ» ብሎታል።

ወደ ቤት እንዴት እንደነዳች አታውቅም። ሞሪስን ማለቢያው ቤት ውስጥ አጎንብሶ የላም ጡት ሲያጥብ አገኘችው፤ እናቷ ጃኒስ በወዲያኛው ረድፍ ነበረች።

«ሐሳቤን ስቀይር እኔ የት ሄጄ ነበር፣ አባዬ?»

ቀና እንኳ አላለም። ላሞቹ ባዕድ እጅ እንደማይወዱ፣ ባቡርም ሐዲዱን ጥሎ የትም እንደማይሸሽ፣ ጥጆቹ ከጠነከሩ በኋላ ብትሄድ የሚከለክላት እንደሌለ በለዘበ ድምፅ ነገራት። ይበልጥ ያንገበገባት ልዝብነቱ ነው። ወንድሟ ክሬግ በእሷ ዕድሜ የሄደው በነሐሴ ነበር። ያኔ ሰፈሩ ተጠርቶ ስንብት ተደገሰለት፤ ላሞቹን ያለቡለት ግን በቁርጥማት ያበጡ እጆቿን በጨርቅ የጠቀለለች እናቱና ትምህርቷን ያቋረጠችው ኬሪን ናቸው። ክሬግ ዛሬ ከተማ ውስጥ መኪና ይሸጣል።

«እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለች ጃኒስ። «ሂጂ፣ ብቻ አትጣሉ።»

«አንቺ አትሸፍኚም፣ እማዬ። የባለፈውም ይበቃሻል።»

በረጠበ እጇ ስልኳን አውጥታ ክሬግ ዘንድ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«እህት ዓለም፣ ሻንጣሽን ሸከፍሽ?»

«በነሐሴ መጥተህ ታልባለህ። እኔ ያንተን አልቤያለሁ።»

ክሬግ ሳቀ። «ሥራ አለኝ እኮ። ደግሞ አባዬ ራሱ ‹ኬሪን አለችልኝ፣ አንተ አትቸገር› ብሎኛል። ምነው፣ አልነገረሽም?»

ስልኩን ዘጋችው። ሞሪስ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ቆሟል።

«ላሞቹ ባዕድ አይወዱም አልክ» አለችው። «ባዕድስ ክሬግ ነው። ማክሰኞ እሄዳለሁ። ታማቲን ያስቀረኸው አንተ ነህ፤ መልሰህ የምትጠራውም አንተ። እኔ አልደውልም።»

የጎማ ሽርጧን ፈትታ መሬት ላይ ጣለችውና ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ሰማች። ታማቲን በስልክ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር፤ ልጅቷ ምንም ሐሳብ እንዳልቀየረች፣ የዋሸው እሱ ራሱ እንደሆነ ይናገራል።

ጃኒስ አንገቷን በመስኮት አውጥታ እንድትመለስና አባቷን እንድታመሰግን በእጇ ጠቀሰቻት። ኬሪን ግን አልተመለሰችም። የገዛ ነገሯን ስለመለሰላት ምስጋና ምን ቤት ነው? የቀሩትን ላሞች ለሁለቱ ትታ ወደ ቤት አቀናች።