በጨው ዓሣ ላይ ጨው

...ቶኩኮ ናት የነገረችኝ፣ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ ሰዓሊው ሴኪያ ዘንድ እየወጣች የእርሳስ መስመር በላጲስ የምታጠፋለት ቶኩኮ፣ እሱ በቀለም ብዕር ይደግምበታል፣ እሷ ከሥር የቀረውን እርሳስ ታጠፋለች፣ ሥራዋ ይኸው ነው፣ ቀሚሷ የላጲስ ብናኝ ለብሶ ትወርድና ልብስ ማጠቢያ ቤቴ ትገባለች፣ እኔ እተኩሳለሁ እሷ ታወራለች፣ ትናንት ግን ገብታ ዝም፣ ቶኩኮ ዝም ካለች ደግሞ ጉድ አለ ማለት ነው፣ ምን ሆነሽ ብላት፣ ኢሶኖ አፍሽን ትይዣለሽ ወይ አለችኝ፣ እኔን እንግዲህ፣ የዮኮሃማ የቻይናዎች ሰፈር ማን ከማን እንደተኳረፈ ሊያጣራ ሲፈልግ የሚመጣው እኔ መስኮት ሥር ነው፣ እይዛለሁ አልኳት፣ ነገረችኝ፣ ይኸው ይዤዋለሁ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

የአባባ ሊያኦ ምላስ ሞቷል።

ከፊት ለፊቴ ያለው የቻይና ምግብ ቤት ባለቤት፣ እድሜውን ሙሉ እሳት ፊት የቆመ ሰው፣ ጨውም ስኳርም ኮምጣጤም አሁን ለእሱ ውሃ ነው፣ ይሄ ነገር ከወጣ ማን ይገባለታል፣ ማንም፣ ዛሬ ወሬው ይነሳል ነገ ወንበሩ ባዶ፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጁ ሩዪን ተጣልታው ኮቤ ሄዳ የሰው ኩሽና ውስጥ ታበስላለች፣ እሳቱ ከጠፋ ምን ይዞ ሊቀር ነው፣ ግድግዳ።

እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር። የሱን የወጥ ቤት ነጭ ካፖርት ነው አሁን የምተኩሰው፣ ኮሌታው አልነጣ ብሎኝ፣ መስኮቴ ደግሞ ልክ የኩሽናውን የጓሮ በር ያያል፣ ከክረምቱ ጀምሮ የኮምጣጤ ጠርሙስ ይዞ ይወጣና ያሸታል፣ ይከድናል፣ ይከፍታል፣ እንደገና ያሸታል፣ ሰው የሌለበትን ቤት እንደሚያንኳኳ፣ ቀዝቃዛ ገብቶበት ነው ብዬ ዝንጅብል ላክሁለት፣ አይ ሞኝነቴ፣ ሌላም አየሁ፣ ሳህን ባወጣ ቁጥር መጋረጃውን በጣቱ ከፈት አድርጎ የሚበላውን ሰው ፊት ያያል፣ ያ የወደብ ሠራተኛ ቅንድቡን ካነሳ ተመልሶ ውሃ ይጨምራል፣ ጭንቅላቱን ከነቀነቀ ትከሻው ይወርዳል፣ በሰው ፊት ነው የሚቀምሰው፣ በሰው ፊት ስንት ጊዜ ይዘለቃል።

ሁሉን ያመጣው ማንጋው ነው፣ የሥዕል ታሪኩ፣ ወይም ያዳነው፣ እንጃ።

የመጥበሻ ጌቶች ይሉታል፣ ሴኪያ ነው የሚስለው፣ በየሳምንቱ በመጽሔት ይወጣል፣ የቻይና ወጥ ሠሪዎች ይገጥማሉ፣ እሳቱ ጣሪያ ይነካል፣ ዳኛው አንዴ ሲጎርስ ባርኔጣው ይበራል፣ ከአፉ ዘንዶ ይወጣል፣ የሞተች እናቱ በደመና ላይ ትታየዋለች፣ ኧረ በናታችሁ፣ አንድ ጉርሻ እኮ ነው፣ እኔ ጽሑፉን ብዙም አልጨርሰውም ሥዕሉን ግን አያለሁ፣ ቅንድበ ወፍራሙ ሽማግሌ አባባ ሊያኦ ነው፣ እጅጌዋን በገመድ አስራ የምትገጥመው ተማሪ ደግሞ ሩዪን ናት፣ ሴኪያ ሩዪንን አይቷት አያውቅም፣ ከአባትየው አፍ ነው የሳላት፣ አገጯን እንኳ አልሳተም፣ ሽማግሌው ወጡን ያስተምረዋል፣ እሱ እጁን ይስላል፣ ከየምዕራፉ መጨረሻ ገጽ ላይ አሠራሩ ይታተማል፣ የቤት እመቤቶች እሑድ እሑድ ይሞክሩታል።

የመጨረሻው ግጥሚያ የሁለቱ ነው፣ የሽማግሌውና የልጅቷ። አባባ በየሳምንቱ ፎቅ ይወጣል፣ ልጅቷ ታሸንፋለች ወይ ይላል፣ ሴኪያ እኔ ምን አውቃለሁ አባባ፣ አንባቢ ፖስት ካርድ ይልካል፣ አዘጋጁ ይቆጥራል፣ የተወደደው ያሸንፋል ይለዋል፣ ከዚያማ ሽማግሌው ፖስት ካርድ ታቅፎ እኔ ቤት መጣ፣ ሁሉም ላይ ልጅቷ ታሸንፍ የሚል፣ አንዳንዱ በግራ እጅ የተጻፈ፣ እስቲ ግማሹን በባቡር ጣቢያው ሳጥን ጣይልኝ፣ ከአንድ ሰፈር የመጣ እንዳይመስል አለኝ፣ ሳቄን ዋጥሁት፣ ትልቁን መጥበሻ የሴት አንጓ አይችለውም፣ ለአማች ነው የማወርሰው ብሎ ያስኮረፋት እሱ ራሱ ነው እኮ፣ ያን ጊዜ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ስትሄድ ከዚሁ መስኮት አይቻታለሁ፣ ዞር አላለችም፣ ፊት ለፊት ይቅርታ ማለት ሞት ሆኖበት በፖስት ካርድ ሊያሸንፋት።

ከዚያ ያ ወጥ መጣ። በጨው የደረቀ ዓሣ ከተከተፈ የአሳማ ሥጋ ጋር በእንፋሎት የሚበስለው፣ ሩዪን ሕፃን ሆና ሲያማት የሚሠራላት፣ እዚህ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዓሣው ራሱ ጨው ነው፣ ሥጋው ላይ ቅንጣት ጨው አይነካም፣ ይሄ ማንም የማይስተው ነገር ነው፣ መጽሔቱ ላይ ግን ሥጋውን ሞልቶ በተረፈ ማንኪያ ጨው እሹት ይላል፣ ታተመ፣ እሑድ መጣ፣ አገር በጨው ተቃጠለ፣ ፖስት ካርድ ጎረፈ፣ አንዷ ባሌ ከማንቆርቆሪያ አፍ ጠጣ፣ ሌላዋ አማቴ ልገድላት ያሰብኩ መስሏት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፣ ለዚህስ አመሰግናለሁ ብላለች፣ ቶኩኮ ይሄን ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ ቀጥላ ግን ሽማግሌው ሲናገር እኔ ነበርኩ አለችኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ጨው አድርጉ አለ፣ ሁለቴ አለ፣ ሴኪያ ጻፈ፣ እኔ እርሳሱን አጠፋሁ።

አዘጋጁ ስልክ ደውሎ ጮኸ፣ ሴኪያ ጆሮው ቀልቶ ሰማ፣ ስልኩን አስቀመጠና፣ እትዬ ቶኩኮ፣ ጨው ያለው እኔ ነኝ አላት፣ አንተ አይደለህም ብትለው፣ እኔ ነኝ፣ ተስማማን፣ አለ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲህ ወጣ፣ ባለፈው እትም በታተመው የምግብ አሠራር ላይ ጨው የተጨመረው በሰዓሊው የእጅ ስሕተት ሲሆን አሠራሩን ያስተማሩን ባለሙያ ምንም ጥፋት የሌለባቸው መሆኑን በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን፣ አቤት ቋንቋ፣ አማርሮ ይቅር ያላለ የለም፣ ፖስት ካርዱ ግን ቀነሰ፣ የሰዓሊ እንጀራ በፖስት ካርድ ነው፣ ያ ቀጫጫ ልጅ የገዛ ጉሮሮውን ለሽማግሌ ሰጠ።

አባባስ። የተጠቀለለ ሊጥ በሥጋ ሞልቶ በሳህን ይዞ ወጣ፣ ሊያጽናናው፣ አይዞህ ልጄ፣ እጅ ይስታል፣ እኔም ስንቱን አበላሽቻለሁ፣ ብላ አለው፣ ሴኪያ ጎረሰ፣ ባሕር ውስጥ እንደወደቀ ሰው ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ቶኩኮ አጠገቡ ናት፣ አንዱን ቀምሳ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ እሱ ግን አንድም ሳያስተርፍ በላ፣ በጣም ጣፍጦኛል አባባ፣ አለ፣ ሽማግሌው ፊቱን አየው፣ ባዶ ሳህኑን ተቀብሎ ወረደ፣ ደረጃው መሐል ላይ ቆመ አለችኝ፣ መወጣጫውን ይዞ ቆመ፣ ቆየ፣ አወቀ ማለት ነው፣ ጨው ያለው እሱ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀው፣ ወይም የምላሱ ነገር እንደታወቀበት፣ ወይኔ ሰውዬው።

ካፖርቱን ልገልብጠው፣ ጀርባው ይቅደም። ምሳ ሊደርስ ነው፣ መንገዱ ይጫጫል፣ እንፋሎቱ...

ማናት ያቺ።

ከጓሮ በኩል፣ ሻንጣ አንጠልጥላ፣ ብብቷ ሥር መጽሔት ጠቅልላ፣ አገጯን አየሁት፣ ሩዪን፣ ሩዪን ናት፣ ወፍራለች፣ አልወፈረችም ትከሻዋ ነው የሰፋ፣ በሩን አላንኳኳችም፣ ገፍታ ገባች፣ ካውያውን ዘጋሁ፣ ፉጨቱ ጆሮ አይሰጥም፣ መስኮቱን ደግሞ ትንሽ ከፈትኩ፣ ለአየር ነው።

አባዬ፣ አለች። ሰላምታ የለም፣ አቀፍኩህ የለም፣ በጨው ዓሣ ላይ ጨው ያለው ማነው።

ሰዓሊው ነው፣ ልጁ ተሳስቶ፣ ይቅርታም ጽፏል፣ ይላል፣ ጀርባውን ሰጥቷታል፣ ማማሰያውን ያለ ምክንያት ያጥባል።

አንብቤዋለሁ። አንተ ስትናገር ልጅም ይጽፈዋል፣ ያን ያህል አይሳሳትም፣ አለችና ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ማንኪያ አነሳች፣ ምድጃው ላይ ካለው ሾርባ ጨለፈች፣ እፍ እፍ አለችበት እንደ ሕፃን ምግብ፣ ወደ አፉ ዘረጋች፣ ቅመስ፣ ምን ይጎድለዋል።

ቀመሰ። አልዋጠውም መጀመሪያ፣ አፉ ውስጥ አዞረው፣ ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ቀና ብሎ ፊቷን ማየት፣ ቅንድቧን፣ ከንፈሯን፣ እንደ ደንበኛ ፊት ሊያነባት፣ እሷ ደግሞ የሱ ልጅ ናት፣ ፊቷን ድንጋይ አደረገችው።

ፊቴን አትይ አባዬ። ሾርባውን ንገረኝ።

መንገድ ላይ የቱሪስት አስጎብኚ ይጮሃል፣ ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ እኔ መስኮቱ ጠርዝ ላይ የያዝኩት ጣቴ ነጥቷል፣ በል እንጂ፣ በል ሰውዬ፣ እሷ እኮ ከኮቤ የመጣችው ልታጋልጥህ አይደለም።

አላውቅም፣ አለ።

እሷ አላለቀሰችም፣ ማንኪያውን ወደ ራሷ መለሰች፣ ቀመሰች፣ ዝንጅብል በዝቷል አለች፣ ልክ አየሩ ከብዷል እንደምትል፣ አጥንት ጨምርበት፣ ጨው እንዳትነካ።

መጥበሻውን ውሰጂው፣ አለ አባትየው፣ ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል፣ ያኔ መስጠት ነበረብኝ።

ነበረብህ። ኋላ እንጣላበታለን፣ በደንብ ነው የምንጣላው፣ አሁን ሰው ርቦታል፣ እጅህ ደህና አይደል፣ አንተ ታገላብጣለህ፣ እኔ እቀምሳለሁ። በል ና፣ ተጠጋ፣ መሐሉን ያዝከው።

ተጠጋ። አንድ ምድጃ ላይ ሁለት ጀርባ፣ እሱ መጥበሻውን ይወረውራል፣ ሩዙ ይነሳል ይመለሳል፣ በየመሐሉ ማንኪያ ትዘረጋና ትቀምሳለች፣ ትንሽ ስኳር፣ በቃ፣ አውጣው፣ ይላል አፏ፣ እሱ መጋረጃውን አልነካም፣ አንዴም፣ ፎቅ ላይ የሴኪያ መስኮት ተከፍቶ አንገቱን አውጥቷል፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ እኔን ነው ዝም በይ የሚለው፣ ስድብ እኮ ነው፣ እሺ አልኩት በራሴ ንቅናቄ፣ ኋላ ዓሣ ሻጯ ብቅ ብላ፣ ኢሶኖ፣ ከሊያኦ ቤት የምሰማው የሴት ድምፅ የማን ነው ብላ ዓይኗን አጠበበች፣ ሬዲዮ ይሆናል አልኳት፣ እኔ፣ በዚህ አፌ፣ ካውያውን መልሼ ለኮስኩት፣ ካፖርቱ ላይ የእንፋሎት ጭስ ወጣ፣ ኮሌታው ነጣ።

ማንጋው በዚያው በልግ ተቋረጠ፣ ፖስት ካርድ አነሰው፣ ማንም አላሸነፈም፣ ዳኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሴኪያ ለዓሣ አጥማጆች መጽሔት መንጠቆና ጀልባ ይስላል። ቶኩኮ ዓይኗ ደከመ፣ ቺባ ልጇ ጋር ናት። አባባ ሊያኦ እስከ ታመመበት ክረምት ድረስ መጥበሻውን አገላብጦ አልጋው ላይ ሞተ። ሩዪን ኩሽናው ውስጥ ናት።