የራጅ ባለሙያው ስድስት ወር

እኔ ሱንዱስ ትዕግስት የለኝም፤ ጅዳ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስሠራ አልቆብኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። ባሌ ሙንተሲር እዚሁ ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ያነሳል።

ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ አንዱ ታጣቂ ከራጅ ክፍል ጨረር የሚከላከለውን ሽርጥ ወሰደው። ውስጡ እርሳስ ስለሆነ ይከብዳል፤ ሰውዬው ጥይት የማይበሳው ልብስ መስሎት ለብሶት ሄደ። ምን እንደገጠመው አላህ ይወቅ። ሙንተሲር ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያለ ሽርጥ ሠራ። ቁስለኛ ብቻውን አይቆምም፤ እሱ ደግፎ ሲይዝ ጓደኛው ቁልፉን ይጫናል። ሌላውን ሲያድን ራሱን ረሳ፣ የኔ ጅል።

አዲስ ሽርጥ ሲመጣ ጭንቀቱም አብሮ መጣ። አጠገቤ መድረስ ተወ። ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል፤ ቁጭ ብድግ ይላል፤ ሐይቁ ዳር ወርዶ ይቀራል። ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ ነደድኩ። ሽማግሌ ልሰበስብበት ስል ነው "ዘሬን ጨረር አበላሽቶት ይሆናል" ያለኝ።

እየጎተትኩ ደሴ፣ ዶክተር ጸዳለ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውነት የተጎዳውን ራሱ ይጠግናል አሉን፤ ጨረር ካገኛቸው አባቶች በተወለዱ ልጆች ላይም የተለየ ጉዳት በጥናት አልታየም። አዝሙዱ አይጎዳም፣ ጨረር ግን አይመልስም። ለጥንቃቄ ያህል ሳታረግዢ ስድስት ወር ጠብቁ አሉ።

እሱ የሰማው ስድስት ወር የምትለዋን ብቻ ነው። ቀን ይቆጥር ጀመር። በአራተኛው ወር ውጫሌ የእህቴ ሰርግ ነበር፤ ከሰርጉ መልስ ቆጠራውን ሁለታችንም ረሳነው። በማግስቱ ሲጸጸት፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ አጽናናሁት። የወር አበባዬ ሲቀር ግን ትንፍሽ አላልኩም። ደስታዬን እንደ ሌባ ደብቄ፣ እሱ ሲቆጥር እኔም ቆጠርኩ።

ትናንት ከሥራ ሲገባ ፊቱ በርቷል። ስድስት ወሩ ሞላ፣ ካሁን ወዲያ ኢንሻአላህ ንጹሕ ልጅ እንወልዳለን አለኝ። ንጹሕ ሲል አንገበገበኝ።

"ሁለት ወር ሆኖታል" አልኩት።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ከኔ ምን ይወርስ ይሆን?" አለ።

"ጭንቀትህን አይውረስ እንጂ ሌላውን እችለዋለሁ። ቢታመምም ልጄ ነው።"

አፌ ደፈረ። ሆዴን ግን በእጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነበር፤ አየብኝ። የራሱን እጅ ደረበበት።